ከቅጣት ወደ ትምህርት፦ ጥፋተኛ አሽከርካሪዎች ስለ አንጎል ጉዳት መማራቸው ለምን ያስፈልጋል?

አል አይን፦ በአል አይን ከተማ የሚገኘው የአል ጂሚ ሰፈር በጥንታዊ የተምር እርሻውና በገበያ ማዕከሉ ይታወቃል። ነዋሪዎች በልማድ «የአል ጂሚ ሆስፒታል» የሚሉት የአል አይን ሆስፒታልም በዚሁ ሰፈር ይገኛል። በከተማዋ ጎዳናዎችና አል አይንን ከአቡ ዳቢ በሚያገናኘው፣ ወደ 160 ኪሎ ሜትር በሚጠጋው አውራ ጎዳና ላይ አደጋ የደረሰባቸው ሰዎች ሕክምና ከሚያገኙባቸው ተቋማት አንዱ ነው። መቀመጫው በአል አይን የሆነው የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ኮሌጅ ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በተሰበሰበ የጉዳተኞች መዝገብ ላይ ተመሥርተው፣ የትራፊክ አደጋ የትኛውን የሰውነት ክፍል እንደሚጎዳና ጉዳቱን ለሞት የሚያደርሱት ምክንያቶች ምን እንደሆኑ አጥንተዋል።

ሐኪሞችና ተመራማሪዎች የሚያውቁት ነገር ግን መሪ ለጨበጠው ሰው ሁልጊዜ አይደርሰውም። ቀይ መብራት የጣሰ አሽከርካሪ በስልኩ የሚመጣለት መልእክት የቅጣቱን ገንዘብ መጠን፣ የተመዘገበበትን ጥቁር ነጥብና ተሽከርካሪው የሚያዝበትን ጊዜ ይነግረዋል። በዚያች ቅጽበት ግጭት ደርሶ ቢሆን ኖሮ በአንድ ሰው አንጎል ላይ ምን ይከሰት እንደነበር ግን አያውቅም። ይህን ክፍተት ለመሙላት በተለያዩ አገሮች የሚገኙ ፍርድ ቤቶች፣ በግዴለሽነት ወይም በአልኮልና በአደንዛዥ ዕፅ ተጽዕኖ ሥር ያሽከረከሩ ሰዎች ስለ ጉዳቱ ከሐኪሞችና ከተጎጂዎች አንደበት እንዲማሩ ያዝዛሉ። የዚህ ትምህርት ይዘት ምን እንደሆነ ማወቅ በኤምሬቶች ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ አሽከርካሪዎች፣ ተሳፋሪዎችና እግረኞችም ይጠቅማል።

ሕጉ ምን ይላል?

በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የትራፊክ ቁጥጥር ፌዴራል አዋጅ ቁጥር 14፣ ከማርች 29 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። አዋጁ በአልኮል መጠጥ ተጽዕኖ ሥር ሆኖ ማሽከርከርን በእስራትና ከ20,000 እስከ 100,000 ድርሃም በሚደርስ የገንዘብ መቀጮ ወይም ከሁለቱ በአንዱ ይቀጣል። መንጃ ፈቃዱም ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋት ለ3 ወራት፣ ለሁለተኛው ለ6 ወራት ይታገዳል፤ በሦስተኛው ጊዜ ይሰረዛል። በአደንዛዥ ዕፅና መሰል ንጥረ ነገሮች ተጽዕኖ ሥር ለሚያሽከረክር ሰው መቀጮው ከ30,000 እስከ 200,000 ድርሃም ከፍ ይላል፤ የመንጃ ፈቃድ እገዳውም ከ6 ወራት ይጀምራል።

በቸልተኝነት የሰው ሕይወት እንዲያልፍ ያደረገ አሽከርካሪ እስራትና ከ50,000 ድርሃም የማያንስ መቀጮ ወይም ከሁለቱ አንዱ ይጠብቀዋል። ጥፋቱ የተፈጸመው ቀይ መብራት በመጣስ፣ በመጠጥ ወይም በዕፅ ተጽዕኖ ሥር፣ በታገደ መንጃ ፈቃድ ወይም ጎርፍ በወረደበት ሸለቆ ውስጥ በማሽከርከር ከሆነ፣ እስራቱ ከአንድ ዓመት፣ መቀጮውም ከ100,000 ድርሃም ሊያንስ አይችልም። ሰው ገጭቶ ማምለጥም በራሱ ከባድ ወንጀል ነው።

እግረኞችም ከተጠያቂነት ነፃ አይደሉም። ከተፈቀደው ቦታ ውጭ መንገድ በማቋረጥ አደጋ እንዲደርስ ያደረገ እግረኛ እስራትና ከ5,000 እስከ 10,000 ድርሃም መቀጮ ሊጣልበት ይችላል። የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ በሆነ መንገድ ላይ ከሆነ ደግሞ ቅጣቱ ይከብዳል።

በአቡ ዳቢ ኤምሬት ተጨማሪ ደንብ አለ። በዚያ ቀይ መብራት የጣሰ አሽከርካሪ ከ1,000 ድርሃም ቅጣት፣ ከ12 ጥቁር ነጥብና ከ30 ቀን የተሽከርካሪ እገዳ ሌላ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው የኤምሬቱ ሕግ መሠረት ተሽከርካሪውን ለማስለቀቅ 50,000 ድርሃም ይጠየቃል፤ መንጃ ፈቃዱም ለ6 ወራት ይያዛል። የሰውን ሕይወት አደጋ ላይ በሚጥል ሁኔታ ማሽከርከር 2,000 ድርሃም፣ 23 ጥቁር ነጥብና የ60 ቀን የተሽከርካሪ እገዳ ያስከትላል።

ይህ ሁሉ ቅጣት እያለም የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጃ እንደሚያሳየው በአገሪቱ በመንገድ አደጋ የሞቱት ሰዎች ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2023 ከነበረበት 352፣ በ2024 ወደ 384 ከፍ ብሏል። ቅጣቱ አስፈላጊ ነው፤ ብቻውን ግን ሥራውን እንደማይጨርስ ቁጥሩ ይመሰክራል።

ከቅጣት ጎን የሚሰጥ ትምህርት

ጥፋተኛን በማስተማር መመለስ ለኤምሬቶች አዲስ አሠራር አይደለም። የአቡ ዳቢ ፖሊስ ጥቁር ነጥብ ለተጠራቀመባቸው አሽከርካሪዎች የማረሚያ ሥልጠና ይሰጣል። ከ8 እስከ 23 ነጥብ ያለበት አሽከርካሪ 800 ድርሃም ከፍሎ ሥልጠናውን ሲያጠናቅቅ 8 ነጥብ ይሰረዝለታል። 24 ነጥብ የሞላበትና መንጃ ፈቃዱ የታገደበት ደግሞ ፈቃዱን ለማስመለስ 2,400 ድርሃም የሚከፈልበትን ሥልጠና መውሰድ አለበት።

ፍርድ ቤቶችም ከእስራትና ከመቀጮ ሌላ አማራጭ አላቸው። የአገሪቱ የወንጀል ሕግ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሻሻል በቀላል ወንጀሎች ላይ የማኅበረሰብ አገልግሎት በአጭር እስራት ወይም በመቀጮ ምትክ እንዲታዘዝ ፈቅዷል፤ የአገልግሎቱ ጊዜም ከ3 ወር አይበልጥም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2017 በዱባይ ሲቲ ዎክ አካባቢ በዝናብ በራሰ መንገድ ላይ መኪና እያንሸራተቱ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ የጣሉ ወጣቶች፣ በዱባይ ገዢ በሼክ ሙሐመድ ቢን ራሺድ አል መክቱም ትእዛዝ ለ30 ቀናት በየቀኑ 4 ሰዓት ጎዳና እንዲያጸዱ መደረጉ ይታወሳል። የእርምጃው መልእክት ግልጽ ነበር፦ የሕዝብን መንገድ ያላከበረ ሰው ያንኑ መንገድ በማገልገል ይማር።

በሌሎች አገሮች ይህ አስተሳሰብ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዶ ጥፋተኛውን ከሆስፒታልና ከተጎጂዎች ጋር አገናኝቶታል። በአሜሪካ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ጠጥተው ያሽከረከሩ ሰዎች በፍርድ ቤት ትእዛዝ የተጎጂዎችን ምስክርነት ቁጭ ብለው እንዲያዳምጡ ይደረጋል። ከተናጋሪዎቹ መካከል ልጆቻቸውን ያጡ እናቶች፣ አንዳንዴም ከአንጎል ጉዳት ያገገሙ ሰዎች ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 የአሜሪካ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ወጣቶችን ከጭንቅላትና ከኅብለ ሰረሰር ጉዳት ለመጠበቅ «ቲንክ ፈርስት» የተባለ የትምህርት መርሐ ግብር መሠረቱ፤ ስሙ «መጀመሪያ አስብ» እንደማለት ነው። በዚያው ዓመት በካናዳ ቶሮንቶ የሚገኘው ሰኒብሩክ ሆስፒታል፣ ወጣቶች የአደጋ ጉዳተኛ ከድንገተኛ ክፍል እስከ ማገገሚያ የሚያልፍበትን መንገድ በዓይናቸው የሚያዩበትን የአንድ ቀን ትምህርት ጀመረ።

ይህ የካናዳ መርሐ ግብር በኋላ ወደ አውስትራሊያ ተሻግሮ በሮያል ፐርዝ ሆስፒታል ሲሰጥ፣ ጥፋት የፈጸሙ ወጣቶችም በፍትሕ አካላት እየተላኩ ተካፍለውበታል። በኒው ሳውዝ ዌልስ ክፍለ ግዛት ደግሞ ዳኞች ከውሳኔ በፊት የትራፊክ ጥፋተኞችን ወደ ትምህርት ይልካሉ፤ ትምህርቱን ማጠናቀቃቸውም በቅጣት ውሳኔው ላይ ይታሰብላቸዋል።

በኢትዮጵያም የትራፊክ ደንቡ በአሽከርካሪው ላይ የጥፋት ነጥብ የሚያስመዘግብና የተሃድሶ ሥልጠና እንዲወስድ የሚያስገድድ ሥርዓት አለው። በመሆኑም «ቅጣትህን ክፈል፤ ተማርም» የሚለው አሠራር ከአገር ቤት ለመጡ አሽከርካሪዎች እንግዳ አይደለም።

ሦስቱ ግጭቶች

ስለ አንጎል ጉዳት የሚሰጡ ትምህርቶች አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀላል ማብራሪያ ይጀምራሉ፦ በአንድ የመኪና አደጋ ውስጥ ሦስት ግጭቶች አሉ። የመጀመሪያው መኪናው ከሌላ መኪና፣ ከግንብ ወይም ከምሰሶ ጋር የሚያደርገው ግጭት ነው። ሁለተኛው የሰውየው አካል ከመኪናው ውስጣዊ ክፍል ጋር ይጋጫል፤ መኪናው ቢቆምም አካሉ በነበረበት ፍጥነት ወደፊት መጓዙን ይቀጥላልና። ሦስተኛው ከውጭ አይታይም፤ ጭንቅላት ሲቆም አንጎል አይቆምም፤ ከራስ ቅሉ ውስጠኛ ግድግዳ ጋር ይላተማል።

የአንድ ጎልማሳ ሰው አንጎል ወደ 1.4 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ልስላሴው እንደ እርጎ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በፈሳሽ ተከብቦ በራስ ቅል ውስጥ በመንሳፈፉ ከዕለት ተዕለት ንቅናቄ ይጠበቃል፤ ለከባድ ግጭት ግን ያ ጥበቃ አይበቃውም። በድንገተኛ ግጭት ወደፊት ሄዶ አጥንቱን ይመታል፤ ተመልሶም ከኋላ ይላተማል። ስለዚህ ግንባሩን የተመታ ሰው በማጅራቱ በኩል ያለው የአንጎል ክፍልም ሊጎዳ ይችላል።

ከመላተሙ የማይተናነሰው ጉዳት ደግሞ መጠምዘዙ ነው። ጭንቅላት በኃይል ሲዞር የአንጎል ልዩ ልዩ ንብርብሮች እኩል አይንቀሳቀሱም፤ በመካከላቸው ያሉት ቀጫጭን የነርቭ ክሮች ይሳባሉ፤ ይበጠሳሉ። አንዱ የአንጎል ክፍል ከሌላው ጋር የሚነጋገረው በእነዚህ ክሮች ነው። እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ሰው የራስ ቅሉ ሳይሰነጠቅና ከጭንቅላቱ ደም ሳይፈስ ለሳምንታት ራሱን ስቶ ሊቆይ ይችላል። የመጀመሪያው የሲቲ ስካን ምርመራም ጉዳቱን ሙሉ በሙሉ ላያሳይ ይችላል።

ጉዳቱ በግጭቱ ቅጽበትም አያበቃም። የተመታ አንጎል እንደማንኛውም የተመታ አካል ያብጣል፤ ነገር ግን የራስ ቅል አጥንት ስለማይለጠጥ እብጠቱ መሄጃ የለውም። በውስጥ ደም ከፈሰሰም ግፊቱ ይጨምራል፤ ወደ አንጎል የሚደርሰው ደምና ኦክሲጅን ይቀንሳል፤ በግጭቱ ያልተጎዱ ክፍሎችም መሞት ይጀምራሉ። የድንገተኛ ሐኪሞች ከደቂቃዎች ጋር የሚሽቀዳደሙት ይህን ሁለተኛ ጉዳት ለመግታት ነው።

የጉዳቱን ክብደት ለመለካት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1974 በስኮትላንድ ግላስጎ ከተማ በተዘጋጀ መለኪያ ይጠቀማሉ። ጉዳተኛው ዓይኑን መግለጡ፣ መናገሩና አካሉን ማንቀሳቀሱ ታይቶ ከ3 እስከ 15 ነጥብ ይሰጠዋል። ከ13 እስከ 15 ቀላል፣ ከ9 እስከ 12 መካከለኛ፣ 8ና ከዚያ በታች ከባድ ጉዳት ይባላል። «ቀላል» የተባለውም ቢሆን ለወራት ራስ ምታት፣ ድካምና የመርሳት ችግር ሊያስከትል ይችላል።

ፍጥነት የዚህ ሁሉ ማባዣ ነው። የመኪና ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ በግጭቱ የሚለቀቀው ኃይል በአራት እጥፍ ያድጋል። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሴኮንድ 33 ሜትር ይሄዳል፤ ለሦስት ሴኮንድ ስልኩን ያየ አሽከርካሪ የእግር ኳስ ሜዳ የሚያህል ርቀት ሳያይ አልፏል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ለሞት የሚዳርግ አደጋ ዕድል በ4 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ እያሽከረከረ ስልክ የሚጠቀም ሰውም አደጋ የመድረስ ዕድሉ ከማይጠቀመው በአራት እጥፍ ይበልጣል።

ፍርድ የሚሰጠው የአንጎል ክፍል

ከዚህ ትምህርት ሁሉ ለአሽከርካሪው እጅግ ቅርብ የሆነው ስለ ፊተኛው የአንጎል ክፍል የሚናገረው ነው። ከግንባር ጀርባ የሚገኘው ይህ ክፍል ሰው እንዲያመዛዝን፣ ስሜቱን እንዲገታና የድርጊቱን ውጤት አስቀድሞ እንዲያይ ያስችለዋል። በአጭሩ፣ ሰው በራሱ ላይ የሚፈርድበት ችሎት ነው ማለት ይቻላል።

አልኮል ቀድሞ ከሚያደነዝዛቸው ችሎታዎች አንዱ ይኸው ማመዛዘን ነው። ስለዚህ የጠጣ ሰው «ምንም አልሆንኩም፤ መንዳት እችላለሁ» ሲል አብዛኛውን ጊዜ እየዋሸ አይደለም፤ መስከሩን የሚነግረው ክፍል ራሱ ስለ ሰከረ አያውቀውም። ኤምሬቶች ለጠጪ አሽከርካሪ ምንም ዓይነት የተፈቀደ መጠን ያላስቀመጡበት አሠራር ከዚህ ሳይንስ ጋር ይስማማል። ጠጪው ልኩን ራሱ እንዲመዝን መተው፣ ሚዛኑ የተሰበረበትን ነጋዴ «አንተው መዝነህ ሽጥ» እንደማለት ነው። እንቅልፍ ያጣ አሽከርካሪም በብዙ መልኩ ከዚሁ አይለይም፤ ረጅም ፈረቃ ሠርተው ሌሊት ወደ ቤታቸው የሚነዱ ሠራተኞች ይህን ልብ ሊሉት ይገባል።

ይህ የአንጎል ክፍል በሰው ዕድገት ውስጥም መጨረሻ ላይ ከሚበስሉት አንዱ ነው፤ ብስለቱ እስከ 20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ይዘልቃል። አዲሱ አዋጅ የመንጃ ፈቃድ ዕድሜን ከ18 ወደ 17 ዝቅ ባደረገበት በዚህ ጊዜ ወላጆች ይህን ማወቃቸው ይጠቅማል። በዓለም ዙሪያ ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ቀዳሚው የሞት ምክንያት የመንገድ አደጋ ነው።

በሦስተኛ ደረጃ፣ በግጭት ጊዜ በቀላሉ ከሚጎዱት የአንጎል ክፍሎች መካከልም ፊተኛውና የጎን ክፍሎቹ ይገኙበታል። የራስ ቅል ወለል በዚያ በኩል ሻካራና ሸንተረር የበዛበት በመሆኑ ለስላሳው አንጎል ሲንሸራተትበት ይላላጣል። በውጤቱም ከሆስፒታል በእግሩ ተራምዶ የወጣ ሰው ቤተሰቡ ከሚያውቀው ሰው የተለየ ሆኖ ይገኛል። ትዕግሥተኛ የነበረው በትንሽ ነገር ይቆጣል፤ ታታሪው ሥራ ለመጀመር ፈቃድ ያጣል፤ ቁጥብ የነበረው ገንዘቡን ያለ ሐሳብ ይበትናል። ቁስሉ ስለማይታይ አሠሪውና ጎረቤቱ «ጠባዩ ተበላሸ» ይሉታል እንጂ «ታሟል» አይሉትም።

ከሆስፒታል በኋላ ያለው ሕይወት

ከባድ የአንጎል ጉዳት የደረሰበት ሰው ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲወጣ ሕክምናው ተጠናቀቀ ማለት አይደለም። መዋጥን፣ መቆምን፣ ስም መጥራትን እንደ ሕፃን እንደገና መማር ሊኖርበት ይችላል። የፊዚዮቴራፒ፣ የንግግር ሕክምናና የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ክትትል ለወራትና ለዓመታት ያስፈልገዋል። የሚጥል በሽታ ከአደጋው ከቆየ በኋላም ሊከሰት ይችላል።

ለስደተኛ ሠራተኛ ይህ ሸክም ሌላ ገጽታ አለው። በኤምሬቶች በአሽከርካሪነት፣ በቤት ሠራተኝነት ወይም በጥበቃ የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በአገር ቤት የብዙ ሰዎች ቀለብና የትምህርት ቤት ክፍያ በእሱ ወይም በእሷ ላይ የተንጠለጠለ ነው። የመኖሪያ ፈቃዱ ከሥራው ጋር የተያያዘ በመሆኑ መሥራት ሲያቅተው የመቆየቱም ነገር ያጠያይቃል። ወደ ኢትዮጵያ ከተመለሰም ረጅም ማገገሚያ የሚፈልግ ሕመም ይዞ ይመለሳል። በአዲስ አበባ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን መጀመሩና በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሥር «አቤት» በሚል ስም የድንገተኛና የአደጋ ሕክምና ማዕከል መከፈቱ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ከቀዶ ሕክምና በኋላ በቤት ውስጥ የሚቀጥለው ጥበቃ በአብዛኛው በእናት፣ በሚስት ወይም በእህት ጫንቃ ላይ ይወድቃል።

ሕጉም የአእምሮን ክብር በራሱ መንገድ ይገልጻል። በኤምሬቶች በስህተት ለተገደለ ሰው የሚከፈለው ዲያ 200,000 ድርሃም ነው። በእስልምና የሕግ ትምህርት ደግሞ በደረሰበት ጉዳት አእምሮውን ሙሉ በሙሉ ላጣ ሰው፣ በሕይወት ቢኖርም፣ የሙሉ ነፍስ ዲያ እንደሚገባው ሊቃውንቱ አስተምረዋል። ይህ ጥንታዊ መርሕ የዛሬው ሕክምና የሚናገረውን ይደግፋል፦ የሰው አእምሮ ሲጠፋ የጠፋው ሰውየው ራሱ ነው።

ትምህርቱ ምን ያህል ይሠራል?

የትምህርቱ ደጋፊዎችም ቢሆኑ ተአምር አይጠብቁም። በሰኒብሩክ ሆስፒታል መርሐ ግብር የተካፈሉ ወጣቶችን ለአሥር ዓመታት የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት፣ ከትምህርቱ በኋላ ጉዳት የደረሰባቸው ተካፋዮች ካልተካፈሉት በጥቂቱ ያነሱ መሆናቸውን አሳይቷል። በአሜሪካ የተጎጂዎችን ምስክርነት በማዳመጥ ላይ የተመሠረቱ ስብሰባዎች ውጤት ግን የተደበላለቀ ነው፤ አንዳንዱ ጥናት ጥቅም ሲያገኝ ሌላው አላገኘም።

ማስፈራራት ብቻውን እንደማይበቃም ታውቋል። በአሜሪካ ወጣቶችን ወደ እስር ቤት ወስዶ በእስረኞች አንደበት በማስደንገጥ ከወንጀል ለመመለስ የተሞከረው አሠራር ሲገመገም፣ ጥፋትን ከመቀነስ ይልቅ ያባባሰ ሆኖ ተገኝቷል። ደም የፈሰሰበትን ፎቶግራፍ አሳይቶ መላክ ለጥቂት ቀናት ያስደነግጣል፤ ድንጋጤው ሲያልፍ ግን የቀድሞው ልማድ ይመለሳል።

ከዚህ በመነሳት ባለሙያዎች ጥሩ ትምህርት ሦስት ነገሮችን ሊያሟላ ይገባል ይላሉ። አንደኛ፣ ጉዳቱ እንዴት እንደሚደርስ ምክንያቱን ማስረዳት። ሁለተኛ፣ አሽከርካሪው በማግስቱ ሊፈጽመው የሚችል ተግባር ማሳየት፦ ስልኩን የት እንደሚያስቀምጥ፣ ከግብዣ በምን እንደሚመለስ፣ ጓደኛው ጠጥቶ ቁልፍ ሲያነሳ ምን እንደሚል። ሦስተኛ፣ የመጠጥ ወይም የዕፅ ሱስ ያለበትን ሰው ለይቶ ወደ ሕክምና መላክ። ሱሰኛ ሰው ዕውቀት ስላነሰው ብቻ አይጠጣምና።

ትምህርቱ የቅጣት ምትክ እንዲሆንም አይፈለግም። ራዳር፣ የመንገድ ላይ ፍተሻና የመንጃ ፈቃድ እገዳ አሽከርካሪውን ከውጭ ይገቱታል፤ ትምህርቱ ደግሞ ራዳር በሌለበት መንገድ ላይ የሚገታውን ዕውቀት ይሰጠዋል። አንዱ ያለ ሌላው ይጎድላል።

ለነዋሪዎችና ለሠራተኞች

ይህን ዕውቀት ለማግኘት ማንም ሰው ጥፋት ፈጽሞ ፍርድ ቤት እስኪቀርብ መጠበቅ የለበትም። በመኪና ውስጥ የደህንነት ቀበቶ ማሰር በተሳፋሪ ላይ የሚደርሰውን የሞት አደጋ እስከ 50 በመቶ ይቀንሳል። ሁለተኛው ግጭት እንዳይከሰት የሚያደርገው ይኸው ቀበቶ ነው። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰውም ካላሰረ ከፊቱ ያለውን ሰው ጭምር ሊገድል ይችላል። አዋጁ ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በፊት ወንበር እንዲቀመጡ አይፈቅድም፤ ልጆችን ወደ ትምህርት ቤት የሚያደርሱ የቤተሰብ ሾፌሮችና ሞግዚቶች ይህን ማወቅ አለባቸው። ለሞተር ሳይክል ነጂዎች በትክክል የታሰረ ሄልሜት የአንጎል ጉዳትን እስከ 74 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል።

አደጋ ሲደርስ ፖሊስ በ999፣ አምቡላንስ በ998 ይጠራል። ጭንቅላቱን የተመታን ሰው እሳት ወይም ሌላ አስቸኳይ አደጋ ካላስገደደ በስተቀር ከቦታው ማንሳት፣ አንገቱን ማዞር ወይም በግል መኪና ጭኖ መውሰድ ጉዳቱን ሊያከፋው ይችላል። ውሃ ማጠጣትም አይመከርም።

ተመትቶ የተነሳና «ደህና ነኝ» ያለ ሰውም ቢሆን ክትትል ያስፈልገዋል። አንዳንድ ጊዜ በራስ ቅልና በአንጎል መካከል ደም ቀስ በቀስ ሲጠራቀም ጉዳተኛው ለሰዓታት በደህና እየተናገረ ቆይቶ በድንገት ይወድቃል። እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ተደጋጋሚ ማስታወክ፣ ግራ መጋባት፣ ያልተለመደ እንቅልፍ፣ የአንድ ወገን እጅ ወይም እግር መዛል፣ የዓይን ብሌኖች መጠን መለያየት ወይም መንቀጥቀጥ ከታየ ሳይውል ሳያድር ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። ብቻውን በሚኖርበት ክፍል ውስጥ ለመተኛት የሚሄድ ሠራተኛ ስለ አደጋው ቢያንስ ለአንድ ጓደኛው መንገር አለበት።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ብሂል ለዚህ ጉዳይ በትክክል ይሠራል። የተከፈለ መቀጮ ተሠርቶ ይተካል፤ የታገደ መንጃ ፈቃድ በጊዜው ይመለሳል፤ የተሰበረ አጥንትም ይገጥማል። የተበጠሱ የአንጎል የነርቭ ክሮች ግን እንደነበሩ አይቀጠሉም። ፍርድ ቤት አንድን አሽከርካሪ ይህን እንዲማር ሲያዝዘው በራሱ ውስጥ ያለው ዳኛ ነቅቶ እንዲጠብቀው ዕድል ይሰጠዋል።